ነጭ ነጭ ላይ ይሞታል

አዳማ መጥታችሁ ባጃጅ ውስጥ እንደገባችሁ «ዜብራ ጋ» ብትሉ ሾፌሩ የት ነው ብሎ አይጠይቃችሁም፤ ይዟችሁ ይፈተለካል። እግረኛ የሚሻገርበት ዜብራ እንዳይመስላችሁ። እዚያ አስፋልት ላይ ዜብራ ተቀብቶ አያውቅም። ዜብራ የእናቴ ቁርስ ቤት ነው፤ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣ ጋሪዎች ቆመው ሰው ከሚጠብቁበት ጥግ። ስሙን ያወጡለት ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። መልኩን የፈጠረው ታፔላ ጸሐፊው ጋሼ ገርባ ነው። እኔ ግን ለብዙ ዓመት «የፈጠርነው እኔና እሱ ነን» እያልኩ ስምል ኖሬያለሁ። አሁንም ቢሆን ድርሻዬን አልለቅም።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ገና ሳልራመድ ስላረፈ ቤቱ ውስጥ ያለነው እማዬና እኔ ብቻ ነን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሽንኩርቱ ጆንያ አጠገብ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ የኔ ናት። ብቻዬን መሆን የምወድ ልጅ ነበርኩ። በበሩ በኩል የምትገባው ፀሐይ እንደ ጣውላ ቀጥ ብላ ወለሉ ላይ ትጋደማለች፤ እኔ እጄን አስገባና እሳት የያዘ ይመስለኛል፤ አወጣና ይጠፋል። አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። ሰው ሲያየኝ «ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» ይላል፤ እማዬ ደግሞ «ተዉት፣ ሥራ ላይ ነው» ትላለች።

ግድግዳችን በዚያን ጊዜ ስም የሌለው ቀለም ነበረው፤ የዘይት ጭስ፣ የአዳማ አቧራና የሰው ጀርባ ተባብረው የሠሩት። ወለሉም ያው። ጠረጴዛውም ያው። ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ ምድጃው፣ ሁሉም ነገር አንዱ አንዱ ላይ ተደግፎ የተኛ ነበር የሚመስለው።

አንድ ጠዋት ፈቃዱ ገባ። ፈቃዱ የቤቱ ባለቤት የወይዘሮ ዘርፉ የእህት ልጅ ነው። ጸጉሩ በቅባት የተኛ፣ በሁለት እጁ ሁለት ሞባይል የያዘ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳን ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ የሚቀመጥ ሰው።

«ጫልቱ፣ አንድ ሻይ! ስኳር ቀንሺ!» አላት እማዬን።

እማዬ ብርጭቆውን ፊቱ አስቀምጣ ከማንቆርቆሪያው ቀዳችለት። ሻዩ ወጣ፣ ወጣ፣ አፉ ላይ ደረሰ። ይቆማል ስል አልቆመም። ከብርጭቆው ተርፎ ጠረጴዛው ላይ ሄደ፤ ከጠረጴዛው ወርዶ የፈቃዱ ሱሪ ላይ ሄደ።

«ኧረ በቃ! በቃ! ሴትዮ ምን ሆነሻል?»

«ውይ! ይቅርታ ፌቄ፣ ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው።»

ፈቃዱ ሱሪውን እያራገፈ ቆመ። ወደሷ አየ፤ ከሷ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ ጋዙ ሲሊንደር፣ እንደገና ወደሷ። ከኋላዋ ግድግዳው አለ። «ይሄ ነገርማ አልቆለታል» አለ። «እትዬ ዘርፉ ማወቅ አለባቸው።»

እኔም እሱ ያየበትን አየሁ። ከእማዬ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ እውነትም አልቆለት ነበር። ልስኑ ተልጦ፣ ጭስ ጠጥቶ፣ በአንድ በኩል የወለንጪቲ ካርታ የሚመስል እርጥበት ወጥቶበት። ልጅ ሆኜ እንኳን አፈርኩ። ፈቃዱ የሚያየው ግድግዳውን ሳይሆን የእናቴን እጅ መሆኑን ያወቅኩት ጺም ካበቀልኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ አዋቂዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። አዋቂ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ልጅ ጆሮው እንደሚቆም የሚያውቅ አዋቂ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጠረጴዛዬ ሥር ገብቼ ሰማኋቸው፤ እማዬንና ጋሼ ገርባን።

«እትዬ ዘርፉ ደወሉልኝ» አለች እማዬ። «ረቡዕ ራሴ መጥቼ አያለሁ፤ የማይሆን ከሆነ ቤቱን ለፈቃዱ ታስረክቢያለሽ አሉኝ። ሞባይል ጥገና ሊከፍትበት ነው።»

«ምን አሉ? የማይሆን ማለት?»

«እሳት አለ፣ ዘይት አለ፣ ሰው ይቃጠላል አሉ። እውነታቸውን ነው እኮ ገርባ። እኔም እፈራለሁ።»

ጋሼ ገርባ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው፤ የሰውዬው አፍ ያለማቋረጥ ነበር የሚሠራው። የባቱ ልጅ ነው፤ ሐይቁ ዳር ያደገ። አውራ ጣቱ ላይ ሁልጊዜ የትናንትናው ታፔላ ቀለም አለ፤ ቁርሱን ሲበላ የማንን ሱቅ እንደጻፈ ከጣቱ ታውቃለህ። የከባድ መኪና ኋላ ላይ አንበሳ ይስላል፤ ሾፌሮቹ «አንበሳህ በግ ይመስላል» ሲሉት «የአንተ መኪና ላይ ስለወጣ ፈርቶ ነው» ይላል።

እኔ ከጠረጴዛው ሥር የገባኝ ይሄ ነው፤ ወይዘሮ ዘርፉ ረቡዕ ይመጣሉ፤ ቤታችን አስቀያሚ ሆኖ ካገኙት ይወስዱብናል፤ ቆንጆ ሆኖ ካገኙት ይተዉልናል። ነገሩ እንደዚህ ቀላል ነበር! እሳቱና ዘይቱ ግድግዳውን ያጨሰው ጭስ መሰለኝ። ብቅ አልኩና፣

«ቀለም እንቀባዋ!» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ጋሼ ገርባ እማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እማዬን አየ። ከዚያ ሳቁ እንደ ድንጋይ ክምር ተንዶ ወረደ።

«ጉርባ!» አለኝ። ልጅ ማለቱ ነው በኦሮምኛ፤ ስሜን ያደታ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «ጉርባ፣ አንተ እኮ ምንም ሳታውቅ ሁሉን ታውቃለህ! ጫልቱ፣ ኮቱ፣ ወደዚህ ነይ እስቲ።»

ወደ በሩ ወሰዳት። ከቦርሳው የቀለም ቆርቆሮ ክዳኖች አወጣ፤ እያንዳንዱ ክዳን ላይ አንድ አንድ ቀለም ደርቆ ተጋግሯል። ነጭ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ዘረጋና ቢጫውን ክዳን ጨርቁ ላይ አስጠግቶ ያዘ።

«ይሄስ?»

«የቱ?»

«ይሄ፣ የያዝኩት።»

እማዬ አንገቷን ወዲህ ወዲያ አደረገች። «እሱ ይቅር» አለች ቀስ ብላ።

ጨርቁን አወረደና ሰማያዊውን ክዳን ጢስ በጠጣው ግድግዳ ላይ ያዘ። «ይሄስ?»

«እሱም ይቅር።»

«ኧረ እማዬ ሰማያዊ ይሁን! እንደ ባጃጅ!» አልኩ፣ እየዘለልኩ።

«ጉርባ፣ ሰማያዊ ለሰማይ ይበቃዋል፤ አንተ ዝም በል» አለኝና ጥቁሩን ክዳን ነጩ ጨርቅ ላይ ለጠፈው። «ይሄስ ጫልቱ?»

እማዬ ፊቷ በራ። ይሄን ፊት አሁንም መሳል እችላለሁ። «እሱማ!» አለች። «እሱማ ቁልጭ ብሏል! ክቡን አየሁት እኮ፣ ጠርዙን ሳይቀር!»

እናቴ እንዴት ያለ ምርጫ አላት አልኩ በልቤ። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሮዝና አረንጓዴ ሲሉ እሷ እቴ! ቢጫን ናቀችው፣ ሰማያዊን ናቀችው።

ዓይኗን ከዳር ጀምሮ የሚበላው ሕመም የዓይን ግፊት እንደሚባል፣ ሐኪም ጠብታ ሰጥቶ «ያለውን እናቆያለን እንጂ የሄደውን አንመልስም» እንዳላት የነገረችኝ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ነው። በር ላይ የተደረገው የቀለም ምርጫ አልነበረም። ምርመራ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በሩን ዘግተን ሥራ ጀመርን። ምን ልበላችሁ! እንደዚያ ያለ ቀን በሕይወቴ አልተደገመልኝም። የቀለሙና የቲነሩ ሽታ አፍንጫዬን ያሳክከኛል፤ ጋሼ ገርባ መሰላል ላይ ሆኖ ያዜማል፤ እማዬ ሻሿን አጥብቃ ቤቱን ትዞራለች። አሠራራቸው ደግሞ የሚገርም ነበር። እሷ ከምድጃው ተነስታ ወደ ጠረጴዛዎቹ ትሄዳለች፤ እጇን ስትዘረጋ ይቆማሉ፤ እጇ ያረፈበት ቦታ ላይ እሱ ብሩሹን ያሳርፋል። የባንኮኒው ጠርዝ ላይ እጇን ዘረጋች፣ ጠርዙ ነጭ ሆነ። ከጓዳ የምትወጣዋ ደረጃ ላይ በእግሯ ዳበሰች፣ የደረጃዋ አፍ ነጭ ሆነ። የበሩ መቃን ላይ ትከሻዋ ነካ፣ መቃኑ ጥቁር ሆነ። ጨዋታ መሰለኝ። እጇ በሄደበት ሁሉ ቀለም ይከተላት ነበር። እኔም «እዚህ ጋ! እዚህ ጋ ንኪ እማ!» እያልኩ ከፊቷ ሮጥኩ፤ የነገርኳትንም ነካችልኝ፤ ጋሼ ገርባም ሳይናደድ ቀባልኝ። ለዚህ ነው እስካሁን ከጓሮ በር አጠገብ ያለምንም ምክንያት አንድ ነጭ ክብ ያለው።

ወለሉ ጥቁር ሆነ፤ በመካከሉ ከምድጃው ወደ ጠረጴዛዎቹ ነጭ መሥመሮች ሄዱ። ጠረጴዛዎቹ ጥቁር ሆኑ፤ ሳህኖቹ ነጭ ናቸው። የጋዙ መክፈቻና መዝጊያ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ተደረገለት። የሻይ ብርጭቆዎች በሙሉ ተሰብስበው በነጭ ሲኒ ተተኩ፤ «ሻይ ጥቁር ነው፤ በነጭ ሲኒ ውስጥ ሲወጣ ታዪዋለሽ» አላት ጋሼ ገርባ። ወተት ግን በጥቁር የሸክላ ኩባያ። ጨው በጥቁር ጣሳ፣ በርበሬ በነጭ ጣሳ። ሽንኩርት መክተፊያው እንኳን ጥቁር ሆነ። ከበሩ በኩል ያለው ግድግዳ ነጭ፣ ከምድጃው ጎን ያለው ግድግዳ ድፍን ጥቁር።

ጥቁሩ ግድግዳ ላይ ጋሼ ገርባ የባቱን ሐይቅ ነጫጭ ወፎች ሳለ። ውኃ አልሳለም፣ ሰማይ አልሳለም፤ ወፎቹን ብቻ። ግን ምላሴን አውጥቼ ብዘረጋ ውኃው የሚያረጥበኝ መሰለኝ።

«ውኃው የታለ?» አልኩት።

«ጥቁሩ ነዋ። ወፏ ነጭ ስትሆን ጥቁሩ ውኃ ሆነላት። አንተ ራስህ ነህ የሳልከው፤ እኔን አትጠይቀኝ።»

ከዚያ ከምድጃው አንድ ከሰል አነሳና ሰጠኝ። አንድ እንቁላል ከቅርጫቱ አምጥቶ ፀሐይዋ የምታርፍበት ወንበር ላይ አስቀመጠ። «በነጩ ግድግዳ ላይ እንቁላል ሳልልኝ። መሥመር እንዳታሰምር።»

«ያለ መሥመር እንዴት ይሳላል?»

«እንቁላሉ ላይ መሥመር አለ?»

ተጠግቼ አየሁ። እውነትም የለም! ዕድሜዬን ሙሉ እንቁላል ስበላ አላየሁትም ነበር። በአንድ ጎኑ ብርሃን አለ፣ እየዞረ ሲሄድ ይደበዝዛል፣ ከሥሩ ጨለማ አለ፣ ከጨለማውም በታች ወንበሩ ላይ የወደቀ ጥላ አለ።

«ጥላውን ብቻ አስቀምጥለት» አለኝ። «ብርሃኑ ራሱ ይመጣል።»

በከሰሉ ጥላውን አሸሁ፤ በአውራ ጣቴ አደበዘዝኩት፤ ወደኋላ ሄድኩ። እንዴ! እንቁላል! ግድግዳው ውስጥ ክብ ሆኖ ተቀምጧል፤ ብታነሳው የሚነሳ፤ ነጩን ሳልነካው ነጭ ሆኗል። ጮህኩ። «እማ! እማ እንቁላል ሠራሁ!» እማዬ መጥታ ግድግዳው ላይ አፍንጫዋ እስኪነካ ተጠጋች፤ ከዚያ እያዘገመች ወደኋላ ሄደች፤ «አየሁት ያዲዬ፣ አየሁት!» ብላ ሳመችኝ፤ ፊቷ እርጥብ ነበር። እንቁላሌ ያን ያህል ቆንጆ ነበር ማለት ነው አልኩ።

ጋሼ ገርባ ከመሰላሉ ወርዶ ጎኔ ተንበረከከ። «ስማ ጉርባ፣ የኔን ሥራ በሙሉ በአንድ ቃል ልስጥህ። ነጭ ነጭ ላይ ይሞታል። ጥቁር ጥቁር ላይ ይሞታል። ነጭን ማዳን ከፈለግክ ጥቁር አጠገቡ አስቀምጥ። ሌላው ልፋት ነው። ገባህ?»

«ነጭ ነጭ ላይ ይሞታል» አልኩ። ማታ በአልጋዬም አልኩት፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብም አልኩት። የተማርኩት የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ አሥርቱን ትእዛዛት ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሰኞ በሩ ሲከፈት ሾፌሮቹ ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ጫልቱ! ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽብን እንዴ?»

«ኧረ ዜብራ ላይ ነው የቆምኩት፤ እለፍ ትይኛለሽ ወይስ ልጠብቅ?»

«ገርባ፣ ሌላ ቀለም የሚገዛልህ አጣህ?»

«ለናንተ ሁለቱም በዝቶባችሁ ነው!» አለ ጋሼ ገርባ ፉሉን እየጎረሰ።

እማዬ ግን! እማዬን ብታዩዋት! ትሪዋን ይዛ በነጩ መሥመር ላይ ትንሸራተታለች። ከዚያ በፊት ቀስ ብላ፣ ወንበር ወንበሩን በጉልበቷ እየነካች ነበር የምትሄደው፤ ጨጨብሳ ያዘዘ ሰው ፉል ይደርሰው ነበር። አሁን ሻይ ትቀዳለች፣ ሲኒው አፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ! ታዝዛለች፣ ትሳደባለች፣ ታንጎራጉራለች። ሰው ቤቱ ሲያምርለት እንዲህ ነው የሚፈጥነው ብዬ ደመደምኩ።

ረቡዕ ደረሰ። በጠዋት ተነስቼ የከሰል እንቁላሌን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ጋሼ ገርባ ሥራውን ትቶ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ሳይጠጣ ያማስላል። እማዬ ያለማቋረጥ ሻሿን ታስተካክላለች። «ያዲ፣ ዛሬ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፤ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ወይዘሮ ዘርፉ መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከራስ እስከ እግር ነጭ በነጭ የለበሱ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸው ጥለቱ እንኳን ነጭ። ፈቃዱ ከኋላቸው ይከተላል። በር ላይ ሲደርሱ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ «ዝም ብለው ይግቡ እትዬ፤ ራስዎ ያያሉ» ሲላቸው ሰማሁት። እሳቸውም ሰላምታ ሳይሰጡ ገቡና በበሩ በኩል ካለው ነጭ ግድግዳ አጠገብ ተቀመጡ።

እማዬ ከጓዳ ወጣች። በነጭ ሲኒ የተቀዳ ሻይ በጥቁር ትሪ ይዛ፣ ደረጃዋን በደንብ ረግጣ ወረደች። የእግር ኮቴ ሰምታ ነበር። ነጩ መሥመር መካከል ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

እማዬ ፊቷን ወደ ነጩ ግድግዳ አዞረች። ወደ ግራ አለች፤ ወደ ቀኝ አለች። ወይዘሮ ዘርፉ ትንፋሽ አይሉም። ፈቃዱ እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሏል። የጋሼ ገርባ ማንኪያ ሲኒው ውስጥ ቆሟል።

እኔም ወይዘሮ ዘርፉን አየኋቸው፤ ያየሁትም አናደደኝ። ያ ሁሉ ልፋታችን! ያ ሁሉ ቀለም! ሴትዮዋ ነጭ ለብሰው ነጭ ግድግዳ ላይ ተቀምጠው ሥዕላችንን አበላሹት። ፊታቸው ብቻውን አየር ላይ ተንሳፍፏል፤ ሌላው አካላቸው የለም። እንዴት ዝም ይባላል? ቃሌን ረሳሁ።

«እትዬ ዘርፉ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «እዚያ ጋ ሞተዋል!»

«ምን አልክ አንተ?»

«ያደታ!» አለች እማዬ።

«ሞተዋል እኮ! ነጭ ነጭ ላይ ይሞታል! ጋሼ ገርባን ይጠይቁት! እዚህ ጥቁሩ ጋ ይምጡ፣ ወፎቹ ጋ፤ እዚህ ያበራሉ!» ሄጄ እጃቸውን ያዝኩና ጎተትኳቸው።

ወይዘሮ ዘርፉ አልተነሱም። አዩኝ። ከዚያ ቀና ብለው እማዬን አዩ፤ ወለሉን አዩ፣ መሥመሩን ተከትለው እስከ ምድጃው ሄዱ፣ የጋዙን ነጭ ቀለበት አዩ፣ ሲኒውን አዩ፣ የደረጃዋን ጠርዝ አዩ። አንድ ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ዓይኑ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ። እኔ ውበቱ ገባቸው ብዬ ልቤ ዘለለ።

ከዚያ ተነሱ። ነጠላቸውን ሰብስበው ተከተሉኝ፤ ጥቁሩ ግድግዳ ሥር፣ ከወፎቹ በታች ተቀመጡ። አበሩ! እንደ ጨረቃ!

እማዬ ወዲያው ዞረች። አንድም ሳታመነታ በመሥመሩ መጣች፤ «እንኳን ደህና መጡ እትዬ ዘርፉ» አለች፤ ሲኒውን ፊታቸው አስቀመጠች። ጠብታ አልፈሰሰም።

ወይዘሮ ዘርፉ ከደረታቸው ነጭ መሐረብ አወጡና ወለሉ ላይ ጣሉት። «መሐረቤ ወደቀ ልጄ» አሉ። እማዬ ጎንበስ ብላ ከጥቁሩ ወለል ላይ በአንድ እጅ አነሳችላቸው።

«እስቲ አንድ እንቁላል ጥበሽልኝ። እዚሁ ሆኜ እያየሁ።»

እማዬ ሄደች። ጋዙን ከፈተች፣ ክብሪቱን ጫረች፣ እሳቱን ዝቅ አደረገች፣ በጥቁሩ መጥበሻ ነጩን እንቁላል ሰበረች። ዘይቱ ተንጫጫ። ዘጋች። አመጣች።

ወይዘሮ ዘርፉ ቀመሱና «ጨው አንሷታል» አሉ።

«በጥቁሩ ጣሳ ነው፣ ላምጣልዎ» አለች እማዬ።

«ቁጭ በይ፤ እኔም ዓይን አለኝ።» ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሩ። «ቀቢው ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ገርባ እባላለሁ።»

«ለምንድነው በሁለት ቀለም ብቻ የቀባኸው?»

ጋሼ ገርባ እማዬን አየ። እማዬ ትሪዋን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ማንም መልስ ሲያጣ እኔ አለሁ፤

«እማዬ ቢጫ አትወድም!» አልኩ።

ወይዘሮ ዘርፉ ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በመሐረባቸው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ተነሱ። «ፈቃዱ፣ ለሱቅህ ሌላ ቤት ፈልግ» አሉ። «ይሄኛው ሰው አለው።»

«እትዬ፣ ግን እኮ እሷ…»

«ሰምተሃል።»

እንዴት እንደጨፈርኩ አልነግራችሁም። ጋሼ ገርባ ከመሬት አንስቶ ወደ ጣሪያው ወረወረኝ። «ጉርባ፣ አዳንካት እኮ! አዳንካት!» እያለ። ሥዕሏን ማለቱ ነው አልኩ፤ እውነትም ሴትዮዋን ባላንቀሳቅሳቸው ኖሮ ሥዕሉ ሞቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር መጣ። ወይዘሮ ዘርፉ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ሲሉ ጥቁር ለብሰው ነበር። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ነጠላ፣ ጥቁር ሻሽ። ደንግጬ ወደ ጎረቤት ሮጥኩ። «እትዬ ዘርፉ ሰው ሞቶባቸዋል!» ብዬ አዋጅ ነገርኩ። የመናኸሪያው ጀርባ ሴቶች ተሰብስበው ቤታቸው ድረስ ሄደው «ነፍስ ይማር፣ ማን ነው ያረፈው?» አሏቸው። እሳቸውም «ማንም፤ ግቡና ምሳ ብሉ» ብለው አበሏቸው አሉ። በቀጣዩ ሳምንትም ጥቁር። በቀጣዩ ዓመትም። ሰው ሳይሞት ጥቁር መልበስ ሟርት ነው ብለው ዘመዶቻቸው ለመኗቸው፤ ፈቃዱ ሽማግሌ ላከባቸው። እሳቸው ቁርስ ቤታችን በመጡ ቁጥር ያው ጥቁር። እኔም አንድ ቀን የሚነግሩን ትልቅ ሐዘን አላቸው ብዬ ደምድሜ አደግሁ። በልጅነት የደመደምከውን ነገር ማን መልሶ ይከፍተዋል? የእማዬን ዓይን ካወቅኩ በኋላ እንኳን ሁለቱን አላገናኘኋቸውም።

አሁን ፍራንኮ አካባቢ አንድ ባነር ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ እሠራለሁ። ደንበኛ መጥቶ «ነጭ ላይ በቢጫ ጻፍልኝ» ሲለኝ «ይሞትብሃል» እለዋለሁ፤ ግራ ገብቶት ያየኛል። ጋሼ ገርባ አርጅቶ ባቱ ገብቷል፤ አልፎ አልፎ ይደውልና «ጉርባ፣ ዛሬ ስንት ሰው ገደልክ?» ይለኛል። እማዬ የምታየው ከድሮውም አንሷል። ነገር ግን ቤቱን ሁሌም በሁለት ቀለም አድሰዋለሁ፤ ያቺን ትርጉም የሌላት ነጭ ክብ ሳይቀር።

ዘንድሮ ለፋሲካ ቤቱን ለደንበኛ ዘግተን ለወዳጅ ዘመድ ከፈትን። ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሷል፤ ከመንገዱ የሚመጣው ብርሃን ዓይን ያስጨፍናል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንግዳ እቀበላለሁ። ባጃጅ ቆመ፤ ወይዘሮ ዘርፉ ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ። ጥቁር ለብሰው። በፋሲካ ቀን! ከዚያ በላይ መታገስ አልቻልኩም።

«እንኳን አደረሰዎ እትዬ። ይቅር ይበሉኝና፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ልጠይቅዎ እፈልግ ነበር። ማን ነው የሞተብዎት?»

ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝ፤ ያኔ እጃቸውን ስጎትት ባዩኝ አስተያየት።

«አንተ አይደለህ የነገርከኝ?» አሉ። «ሞተዋል አልከኝ እኮ፤ እዚህ ግድግዳ ሥር! እናትህ ቤት በሩ በኩል ያለው ግድግዳ ነጭ ነው። ነጭ ለብሼ ብገባ እንዴት ታየኛለች? ሰው ደግሞ ሲያረጅ ወንበር ቀይሩልኝ ማለት ይከብደዋል። ልብስ መቀየር ይቀላል።»

ሐዘን ብዬ ስንት ዓመት በሩቁ የተሳለምኩት ያ ጥቁር ነጠላ! ልስቅ ይሁን ላለቅስ ሳልወስን እሳቸው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። ከዘራቸውን አንስተው፣ ኮቴያቸውን እንኳን ሳያሰሙ ገቡና ነጩ ግድግዳ ሥር ቆሙ።

እማዬ ምድጃው ጋ ነበረች፤ ጠቆር ባለ ቀይ ወጥ ላይ ነጫጭ እንቁላል እየጨመረች። ማንም አልተናገረም። ቀና አለች። ፊቷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳታዞር፣ ቀጥ ብላ ወደ በሩ አየችና በራች።

«እትዬ ዘርፉ!» አለች። «ምን ያስቆመዎታል? ይግቡ እንጂ፣ ይግቡ!»